ሰዓት ማርከሻ አይሆንም፦ ስለ ጡንቻ አላሊ መድኃኒቶች ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሰመመን ባለሙያዎች ዘንድ እጅ በእጅ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ርዕሰ ጉዳዩ በሰመመን ጊዜ የሚሰጡት ጡንቻ አላሊ መድኃኒቶች፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል አጠራር ሪላክሳንቶች፣ ናቸው። ጥሩ ሆኖ ተጽፏል። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር፣ ምክሮቹ ቁርጥ ያሉ ናቸው፤ ሥራ የጀመረ ባለሙያ አንብቦ ሲጨርስ "ለካ ይህን ያህል አያስፈራም" ብሎ እንዲነሳ ያደርጋሉ። ዝም ተብሎ የማይታለፈውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የጽሑፉን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ከሪላክሳንቶቹ ሮኩሮኒየም፣ ቬኩሮኒየም ወይም አትራኩሪየም አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጥቶ አንድ ሰዓት ካለፈ ማርከሻ፣ ማለትም ጡንቻውን ወደ ጉልበቱ የሚመልስ መድኃኒት፣ አያስፈልግም ይላሉ ጸሐፊው። ሁለተኛ፣ ታካሚው ጭንቅላቱን ለአምስት ሰከንድ ካነሳ፣ እጅ ከጨበጠና ትንፋሹ ከሞላ ጉልበቱ ተመልሷል፤ ነርቭን በኤሌክትሪክ ነክቶ የጡንቻውን ምት የሚያሳየው ነርቭ ስቲሙሌተር ቅንጦት ነው። ሦስተኛ፣ ማርከሻ መስጠት የሚፈልግ ለአዋቂ ሁሉ 2.5 ሚሊ ግራም ኒዮስቲግሚን ልብ እንዳይዘገይ ከሚሰጠው ከ1 ሚሊ ግራም አትሮፒን ጋር ሰጥቶ የመተንፈሻ ቱቦውን ያውጣ። አራተኛ፣ ፈጥኖ የሚሠራውና ቶሎ የሚጠፋው ሪላክሳንት ሳክሳሜቶኒየም (ባጭሩ ሳክስ) ጊዜው ያለፈበት አደገኛ መድኃኒት ነውና ከመደርደሪያ ይውረድ፤ ሮኩሮኒየምና ማርከሻው ሱጋማዴክስ ይተኩታል። አምስተኛ፣ ታካሚው መተኛቱን የልብ ምቱ፣ የደም ግፊቱ፣ ላቡና እንባው ይናገራሉ፤ ከተንቀሳቀሰ ሪላክሳንት ይጨመርለት። ስድስተኛ፣ ልምድ ያለው ሰው ስሪንጆቹን በመጠናቸው ስለሚለይ ሁሉንም ጠዋት ቀድቶ ያስቀምጥ፤ ስም መለጠፍ የወረቀት ሥራ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ እውነት ያለባቸው አሉ፤ በየቦታቸው እናገራለሁ። ከስድስቱ ሥር ግን አንድ የጋራ ስህተት ተኝቷል። ሪላክሳንት የሚያስቆመው እንቅስቃሴን ብቻ አይደለም፤ ታካሚው ያለበትን ሁኔታ ለእኛ የሚነግርበትን መንገድ ሁሉ ይዘጋል። ሲያመው አይሸሽም፣ ሲነቃ ዓይኑን አይገልጥም፣ አየር ሲያጥረው አይታገልም። ስለዚህ በሰዓት፣ በዓይን ግምትና በልማድ ለመፍረድ ከዚህ መድኃኒት የባሰ የማይመች የለም። ጸሐፊው ደግሞ የሾሙለት እነዚህኑ ሦስት ዳኞች ነው።

"አንድ ሰዓት አልፎታል"

በየመጽሐፉ የሚገኘው የመድኃኒቱ ቆይታ አማካይ ቁጥር ነው፤ ያውም የሥራውን መጨረሻ አያሳይም። ሮኩሮኒየም 0.6 ሚሊ ግራም በኪሎ ሲሰጥ "ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይሠራል" የሚባለው የጡንቻው ምት ወደ 25 በመቶ እስኪመለስ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ሩብ ጉልበት ያለው ሰው ደግሞ ጉሮሮውን መጠበቅ አይችልም። የቀረው መንገድ አንዱን ታካሚ 20 ደቂቃ፣ ሌላውን ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅበት ይችላል፤ ማን ፈጣን ማን ዘገምተኛ እንደሆነ ፊቱን አይቶ የሚያውቅ የለም።

ይህ የተለካ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከፈረንሳይ በታተመ ጥናት 526 ታካሚዎች ቱቦ ለማስገባት ብቻ አንድ ጊዜ ቬኩሮኒየም፣ ሮኩሮኒየም ወይም አትራኩሪየም ወሰዱ። ማርከሻ አልተሰጣቸውም፤ ልክ ጸሐፊው እንደሚመክሩት። ማገገሚያ ክፍል ሲደርሱ 45 በመቶዎቹ የትሬን ኦፍ ፎር ሬሿቸው ከ0.9 በታች ነበር። መድኃኒቱን ከወሰዱ ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፋቸው መካከል እንኳ 37 በመቶዎቹ ገና አልተመለሱም።

ሬሾው ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ፦ ነርቩ በየግማሽ ሰከንዱ አራት ጊዜ በኤሌክትሪክ ይነካና የአራተኛው ምት ጉልበት ለመጀመሪያው ይካፈላል። ያልተነካ ጡንቻ አራቱንም እኩል ይመታል፤ ሬሾው 1 ይሆናል። ሪላክሳንት ያለበት ጡንቻ ግን ከምት ወደ ምት እየደከመ ይሄዳል። በ1970ዎቹ 0.7 ከደረሰ ይበቃል ይባል ነበር። ኋላ ግን ከ0.9 በታች ያለ ሰው ሲውጥ ወደ ሳንባው እንደሚያመልጠው፣ ኦክስጅን ሲያንሰው ትንፋሹን የሚያፋጥንበት ምላሽም እንደሚደክም ታወቀና መስፈርቱ ከፍ ተደረገ።

ሰዓቱን የሚያራዝሙ ነገሮችንም ጽሑፉ አላነሳቸውም። በእርግዝና ግፊት ምክንያት 4 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት የወሰደች እናት በሙሉ ሰመመን ስትወልድ የተለመደው የቬኩሮኒየም መጠን ከተለመደው እጅግ ረዝሞ ይቆይባታል። ጄንታሚሲንና ሌሎች የእርሱ ቤተሰብ አንቲባዮቲኮች፣ አይሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬን የመሳሰሉት ጋዞች፣ የሰውነት መቀዝቀዝ፣ የደም አሲዳማነትና የፖታሲየም ማነስ ሁሉም ወደዚያው ይጎትታሉ። ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለው ጡንቻን የሚያደክም በሽታ ያለበት ሰው በትንሽ መጠን ሙሉ በሙሉ ሊላላ ይችላል። ሌላው ሪላክሳንት ፓንኩሮኒየምማ ከመነሻውም የአንድ ሰዓት መድኃኒት አይደለም፤ አብዛኛው በኩላሊት ስለሚወጣ ኩላሊት ሲደክም አብሮ ይዘገያል።

አንድ ነጥብ ለጸሐፊው ልስጥ። ኩላሊቱም ጉበቱም ለደከመ ታካሚ አትራኩሪየም ይሻላል ማለታቸው ትክክል ነው፤ መድኃኒቱ በአብዛኛው በደም ሙቀትና በፒኤች ራሱን በራሱ ስለሚበትን የሁለቱን ብልቶች ብርታት አይጠብቅም። ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ግን ያም መበተን ይዘገያል።

"ጭንቅላቱን አንስቷል"

ጭንቅላቱን ማንሳት ያቃተው ታካሚ በርግጥም አልተመለሰም። ያነሳ ሁሉ ተመልሷል ማለት ግን አይደለም። ነቅተው ሳሉ በፈቃዳቸው ሪላክሳንት በወሰዱ ጤነኞች ላይ በ1997 በታተመ ጥናት፣ ጭንቅላትን ለአምስት ሰከንድ ማንሳት የተቻለው በአማካይ ሬሾው 0.6 ሲደርስ ነበር። በጥርሳቸው የነከሱትን የምላስ መጫኛ እንጨት ሲጎተትባቸው አጥብቀው መያዝ የቻሉት ግን 0.86 አካባቢ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ታካሚ ጭንቅላቱን ያነሳል፣ እጅ ይጨብጣል፣ ስሙን ሲጠሩት ዓይኑን ይገልጣል። መንጋጋው ግን ላልቶ ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቃል።

የትንፋሽ መጠን ደግሞ ከሁሉ የባሰ ምስክር ነው። ደረትን ከሆድ የሚለየው የትንፋሽ ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ሪላክሳንትን አብዝቶ የሚቋቋም፣ ቀድሞም የሚነቃ ጡንቻ ነው፤ የላይኛው አየር ቧንቧ ጡንቻዎች ከኋላ ይመጣሉ። ቱቦው ጉሮሮው ውስጥ ሳለ 400 ሚሊ ሊትር አስተካክሎ ይተነፍስ የነበረ ሰው ቱቦው እንደወጣ የሚያንኮራፋውና ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉደው ለዚህ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጉሮሮውን ከፍቶ የያዘለት ፕላስቲኩ ነበር።

ስለ ነርቭ ስቲሙሌተር የሚሉት ነገር ግማሹ ትክክል መሆኑን አልክድም። ምቱን በዓይን ወይም በእጅ የሚፈርዱበት ቀላሉ መሣሪያ ቱቦ ለማውጣት ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሬሾው ከ0.4 ካለፈ በኋላ የምቶቹን ልዩነት የሰው እጅም ዓይንም አይለየውም። አራቱም እኩል መስለው ይታያሉ፤ ታካሚው ግን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ባወጣው መመሪያ በአውራ ጣት ላይ በቁጥር የሚለካ መሣሪያ እንዲጠቀሙና ከ0.9 በታች ቱቦ እንዳያወጡ የመከረው ስለዚህ ነው። ቀላሉ መሣሪያ ግን ሌላ ጥቅም አለው፦ ማርከሻ መቼና ምን ያህል መስጠት እንዳለብን ይነግረናል። "ሁሉን አይነግረንም" ብሎ የሚነግረንን መጣል አያስኬድም።

አጠቃቀሙ ከባድ አይደለም። ቆዳውን በአልኮል ጠርጎ ማድረቅ። ጥቁሩን ኤሌክትሮድ በትንሿ ጣት በኩል ከእጅ አንጓ መስመር 1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ መለጠፍ፤ ሁለተኛውን ከእርሱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ክርን። ታካሚው ከተኛ በኋላ፣ ሪላክሳንቱ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ጊዜ መሞከር፤ አለበለዚያ ኋላ ምት ሲጠፋ መድኃኒቱ ይሁን የላላ ሽቦ መለየት አይቻልም። ከ40 እስከ 60 ሚሊ አምፒር አብዛኛውን ሰው ይበቃዋል። የሚቆጠረው አውራ ጣት ወደ መዳፍ ሲሳብ ነው፤ የሌሎቹ ጣቶች መታጠፍ አይቆጠርም። እጆቹ ተሸፍነው ፊት ላይ መለጠፍ ግድ ሲሆን ደግሞ የፊት ጡንቻዎች ከአውራ ጣት ቀድመው እንደሚነቁ፣ አንዳንዴም ኤሌክትሪኩ ነርቩን ትቶ ጡንቻውን በቀጥታ እንደሚመታ ማሰብ ያስፈልጋል፤ መሸፈኛው ሲነሳ ወደ እጅ መመለስ ነው።

መሣሪያው ጭራሽ በሌለበትስ? መልሱ "ጭንቅላቱን ያንሳ" አይደለም። ቱቦ ለማስገባት የሚበቃውን ትንሹን መጠን መስጠት፣ ፓንኩሮኒየምን መተው፣ ድጋሚ ሲያስፈልግ ሮኩሮኒየምን ከ0.1 እስከ 0.15፣ ቬኩሮኒየምን ከ0.01 እስከ 0.015 ሚሊ ግራም በኪሎ ብቻ መጨመር፣ ቀዶ ሕክምናው ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀር አለመጨመር፣ በመጨረሻም ድንገተኛ መነቃነቅ ወይም የራስ ትንፋሽ ሲመጣ ለሁሉም ማርከሻ ሰጥቶ በቂ ጊዜ መጠበቅ። መለኪያ የሌለው ሰው ማርከሻ የመተው መብት የለውም፤ የጽሑፉ አንደኛና ሁለተኛ ነጥብ አንድ ላይ ሲገጠሙ ግን ውጤታቸው መለኪያውንም ማርከሻውንም መተው ነው።

"2.5 ኒዮስቲግሚን፣ ከዚያ ቱቦውን ማውጣት"

2.5 ሚሊ ግራም ለ45 ኪሎ ሰው 0.056 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው፤ ለ90 ኪሎ ሰው 0.028። አንድ "ደረጃውን የጠበቀ" መጠን አንዱን ከሌላው እጥፍ አድርጎታል ማለት ነው። ክብደቱ ግን ዋናው ችግር አይደለም።

ኒዮስቲግሚን ሪላክሳንቱን ከቦታው አያነሳውም። የሚያደርገው አሴቲልኮሊን እንዳይፈርስ መከላከልና ተቀናቃኙን በቁጥር እንዲገፋ መተው ነው። ተቀባዮቹ በሙሉ በተያዙበት ሰዓት አሴቲልኮሊን ቢበዛም የሚገባበት የለም፤ ኤንዛይሙ ሙሉ በሙሉ ከታገደ በኋላ ደግሞ ተጨማሪ ኒዮስቲግሚን ምንም አይጨምርም። ስለዚህ ስቲሙሌተሩ ምንም ምት ወይም አንድ ምት ብቻ ሲያሳይ የሚሰጠው ኒዮስቲግሚን ሳይሆን ጊዜ ነው፤ ሰመመኑና ቬንቲሌተሩ ሳይቋረጡ መጠበቅ። ሁለት ወይም ሦስት ምት ሲታይም አራተኛው እስኪመጣ መቆየት ይሻላል። አራቱ ምቶች እየደከሙ ከታዩ ከ0.04 እስከ 0.05 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ በጠቅላላው ከ5 ሚሊ ግራም ሳይበልጥ፤ ድካማቸው በእጅ ካልታወቀ ከ0.02 እስከ 0.03 ይበቃል። ተለክቶ 0.9 ላለፈ ታካሚ ባይሰጥ ይሻላል፤ ያለ ሪላክሳንት የተትረፈረፈ ኒዮስቲግሚን ራሱ የጉሮሮ ጡንቻን ሊያደክም ይችላል።

ከዚያ ሰዓቱ አለ። አትሮፒን በአንድ ደቂቃ ይሠራል። ኒዮስቲግሚን ጉልበቱ የሚሞላው ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ነው፤ ከአራት ምት ተነስቶ 0.9 ለመድረስ ደግሞ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። "ሰጥቶ ያውጣ" የሚለው ምክር አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ በሁለተኛው ደቂቃ የሚታየው የልብ ምት መፍጠን የአትሮፒኑ እንጂ የጡንቻ መመለስ ምልክት አይደለም። ቆዳ መስፋት ሲጀመር ሰጥቶ፣ ጋዙን ሳይዘጉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቆየት ይሻላል። አትሮፒኑ ለ0.05 ኒዮስቲግሚን 0.02 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው፦ 60 ኪሎ ሰው 3 ሚሊ ግራም ኒዮስቲግሚን ከ1.2 ሚሊ ግራም አትሮፒን ጋር። አምፑሉንም ማንበብ፤ ኒዮስቲግሚን በሚሊ ሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ያለውም፣ 2.5 ሚሊ ግራም ያለውም ይመጣል። አንዱን ለምዶ ሌላውን የቀዳ ሰው አምስት እጥፍ ይስታል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ኒዮስቲግሚን ሳክሳሜቶኒየምን የሚያፈርሰውን የደም ኤንዛይምም ያግዳል። ቱቦው ወጥቶ ጉሮሮው ድንገት ተዘግቶበት ሳክሳሜቶኒየም የተሰጠው ታካሚ፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ኒዮስቲግሚን ወስዶ ከሆነ፣ ከተለመደው ረዘም ላለ ጊዜ አይተነፍስም። ይህን ያወቀ አይደናገጥም፤ ጭምብሉን ይዞ መንፋቱን ይቀጥላል።

ሳክሳሜቶኒየምን ስለ መጣል

እዚህ ላይ የጸሐፊውን ስጋት አልንቅም። ሳክሳሜቶኒየም በተሳሳተ ታካሚ ላይ ገዳይ ነው። በጤነኛ ሰው ፖታሲየምን በሊትር 0.5 ሚሊ ሞል ያህል ከፍ ያደርጋል፤ ያ ለብዙው ሰው ምንም አይደለም። ከተቃጠለ አንድ ቀን ባለፈው፣ የጀርባ አጥንት ነርቭ ጉዳት ደርሶበት ሁለት ሦስት ቀን በሆነው፣ ለረጅም ጊዜ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በተኛ፣ ወይም በጡንቻ በሽታ በተያዘ ታካሚ ግን ፖታሲየሙ ዘሎ ልብን ያቆማል። ገና ያልታወቀ የዱሼን የጡንቻ በሽታ ባለባቸው ወንድ ልጆች ላይ ይህ ስለደረሰ ነው የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ለልጆች በዘልማድ እንዳይሰጥ በሣጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ ያስቀመጠበት። ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ የተባለውን፣ በሰመመን ጊዜ ሰውነትን በድንገት የሚያግል ገዳይ ችግርም ይቀሰቅሳል፤ በቤተሰቡ ይህ ታሪክ ላለበት ሰው እርሱም ሆነ የሰመመን ጋዞቹ ጭራሽ አይሰጡም። ለልጆች ሲሰጥ፣ በተለይ ሲደገም፣ ልብ ስለሚዘገይ 0.02 ሚሊ ግራም በኪሎ አትሮፒን ተቀድቶ ይቀመጥ።

በአንጻሩ "ለኩላሊት በሽተኛ ሁሉ ክልክል ነው" ያሉት ልክ አይደለም። ፖታሲየሙ መደበኛ የሆነ የኩላሊት በሽተኛ ከሌላው ሰው የተለየ ጭማሪ አያሳይም። የሚከለክለው ከፍ ያለው ፖታሲየም እንጂ የበሽታው ስም አይደለም።

ምትኩስ? ሮኩሮኒየም 1.2 ሚሊ ግራም በኪሎ ከሳክሳሜቶኒየም ጋር በሚቀራረብ ፍጥነት፣ በ60 ሰከንድ ገደማ፣ ቱቦ ያስገባል። ልዩነቱ ቱቦው ካልገባ በኋላ ነው፤ ሳክሳሜቶኒየም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ይህ መጠን ያለው ሮኩሮኒየም ግን ከአንድ ሰዓት በላይ። ጸሐፊው "ሱጋማዴክስ አለ" ይላሉ። እስቲ ይሰላ። ወዲያው ለመመለስ የሚያስፈልገው 16 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው፤ ለ70 ኪሎ ሰው 1,120 ሚሊ ግራም። በ200 ሚሊ ግራም ብልቃጥ ስድስት ማለት ነው። መሳቢያው ውስጥ አንድ ብልቃጥ አስቀምጦ "ሱጋማዴክስ አለን" የሚል ክፍል ለዚህ ችግር ሱጋማዴክስ የለውም። አንዱ ብልቃጥ የሚበቃው ለሌላው ሥራ ነው፦ ሁለት ምት ከታየ በኋላ 2 ሚሊ ግራም በኪሎ፤ ጠለቅ ላለው መላላት 4። በአትራኩሪየምና በሲሳትራኩሪየም ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም፤ የሚይዘው ሮኩሮኒየምንና ቬኩሮኒየምን ነው። የወሊድ መከላከያ ሆርሞን ለምትወስድ ሴትም ለ7 ቀን ተጨማሪ መከላከያ እንደሚያስፈልጋት መንገር ግዴታ ነው።

"ሳክስ ቶሎ ስለሚጠፋ ቱቦው ባይገባም ታካሚው ራሱ ይነቃል" የሚለው የቆየ መጽናኛ ሐሰት ነው ያሉት ግን እውነት ነው። ትንፋሹ ከመመለሱ በፊት ኦክስጅኑ ሊወርድ ይችላል፤ በተለይ በወፍራም ሰው፣ በነፍሰ ጡርና በልጅ። ስለዚህ ከየትኛውም ሪላክሳንት በፊት በጠባብ ጭምብል ለሦስት ደቂቃ መቶ በመቶ ኦክስጅን፤ ጊዜ ከሌለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስምንት ጥልቅ ትንፋሽ።

"አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ተኝቷል"

ጽሑፉ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የዩታው የሰመመን ሐኪም ስኮት ስሚዝ ያለ ምንም ማስተኛ መድኃኒት ራሱ ላይ ቱቦኩራሪን የተባለውን ሪላክሳንት አስወጋ፤ ትንፋሽ ከሚያቆመው መጠን ሁለት ተኩል እጥፍ። ባልደረቦቹ ሲያስተነፍሱት ቆዩ። ኋላ የተናገረው ቀላል ነበር፦ ሁሉን ሰምቷል፣ ሕመሙንም ተሰምቶታል፣ አንድም ጊዜ ራሱን አልሳተም። ሪላክሳንት አያስተኛም፣ ሕመምም አያስታግስም። ይህ ከተረጋገጠ ዘመን አልፎታል፤ ሆኖም "ሲንቀሳቀስ ሪላክሳንት ይጨመር" የሚለው ምክር ዛሬም ይጻፋል።

በእንግሊዝና በአየርላንድ የተደረገውና በ2014 የወጣው አምስተኛው ብሔራዊ ኦዲት በሰመመን ውስጥ ነቅተው ስለነበሩ ሰዎች የቀረቡ ሪፖርቶችን ሰብስቧል። በጠቅላላው ከ19,000 ሰመመን አንድ ነበር። ሪላክሳንት ያልተሰጣቸው ብቻ ሲታዩ ከ136,000 አንድ፤ የተሰጣቸው ከ8,000 አንድ። ልዩነቱ የሪላክሳንቱ መርዛማነት አይደለም፤ ያልተላላ ሰው ሲነቃ እጁን አንስቶ ያስታውቃል፤ የተላላው አያስታውቅም።

የልብ ምትና የደም ግፊት ምስክርነት ይረዳል፣ አይበቃም። ቤታ ብሎከር፣ ማለትም የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት፣ የሚወስድ ሰው ምቱ አይጨምርም። ብዙ ደም የፈሰሰው ግፊቱ አይወጣም። አትሮፒን የወሰደ አያልበውም። በተቃራኒው ጠልቆ የተኛ ሰው ግፊቱ በሌላ ምክንያት ሊወጣ ይችላል። የአንጎል ሞገድ የሚለካው ቢስ የተባለው መሣሪያ እንኳ በዚህ መድኃኒት ይታለላል፤ በ2015 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ነቅተው ሳሉ ሪላክሳንት የወሰዱ አሥር ፈቃደኞች ሙሉ በሙሉ ንቁ ሆነው ቁጥሩ ለሰመመን በቂ ከሚባለው ከ60 በታች ወርዶ ታየ። የግንባር ጡንቻው ዝም ሲል መሣሪያው አንጎሉ ዝም ያለ መሰለው።

ክፍተቱ በተደጋጋሚ የሚፈጠረው መጀመሪያው ላይ ነው። ታዮፔንታል ወይም ፕሮፖፎል ለ5 እስከ 10 ደቂቃ ያስተኛል። ሮኩሮኒየሙ ለ40 ደቂቃ ያላላል። ቱቦው አስቸግሮ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሞከር ሰባት ስምንት ደቂቃ ያልፋል፤ ማንም ጋዝ እየሰጠ አይደለም። ቱቦው ሲገባ ሁሉም እፎይ ይላል፤ ቬንቲሌተሩ ይሠራል፤ የሰመመን ጋዙን የሚያወጣው ቬፖራይዘር ግን ዜሮ ላይ ነው፣ ወይም ባዶ ነው። ሞኒተሩ ላይ የሚታየው ሁሉ ደህና ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ቱቦው ካስቸገረ ከሁለተኛው ሙከራ በፊት የማስተኛውን መድኃኒት መድገም፤ ቱቦው እንደገባ፣ ቴፕ ከመለጠፍም በፊት፣ የቬፖራይዘሩን መስኮትና ቁልፍ ማየት። በትንፋሽ መጨረሻ ያለውን ጋዝ የሚለካ መሣሪያ ካለ ማስጠንቀቂያውን በ0.7 ማክ (ማክ የሰመመን ጋዝ ብርታት መለኪያ ነው) ላይ ማኖር፤ ለመካከለኛ ዕድሜ አዋቂ አይሶፍሉሬን 0.8 በመቶ፣ ሃሎቴን 0.5፣ ሴቮፍሉሬን 1.4 ያህል ይሆናል። የቬፖራይዘሩ ቁጥር በሳንባ ያለው አይደለም፤ በተለይ የጋዙ ፍሰት ዝቅ ባለበት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች። ሰመመኑ በደም ሥር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ካኑላው (በደም ሥር የገባው ቀጭን ቱቦ) ያለበት እጅ ሳይሸፈን ይታይ፤ መድኃኒቱ ከቆዳ ሥር እየፈሰሰ ፓምፑ በደህና ሲቆጥር ሊውል ይችላል።

ታካሚው ሲንቀሳቀስስ? መጀመሪያ ሰመመኑና የሕመም ማስታገሻው ይታይ፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የላላ ጡንቻ ካስፈለገው ሪላክሳንቱ ይሰጥ። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ መልእክተኛውን አፉን መያዝ ነው።

ስሪንጆቹ

ለድንገተኛ የሚሆን አትሮፒንና ሳክሳሜቶኒየም ተቀድቶ መቀመጡ ተገቢ ነው፤ በዚህ እንስማማለን። ያለ ስም መቀመጡ ግን አይሆንም። አንድ ምሳሌ በቂ ነው። ቬኩሮኒየም 10 ሚሊ ግራም ዱቄት ነው። አንዱ ባለሙያ በ10 ሚሊ ሊትር ይበጠብጠዋል፣ በሚሊ ሊትር 1 ይሆናል፤ ሌላው በ5 ይበጠብጠዋል፣ 2 ይሆናል። ሁለቱም ስሪንጅ ውኃ ይመስላሉ። ተረኛ ሲቀያየር መጠኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ይሆናል፤ "በመጠኑ እለየዋለሁ" የሚለው ሰው ደግሞ ቤቱ ሄዷል። ስለዚህ ከተቀዳበት ቅጽበት ጀምሮ ስም፣ በሚሊ ሊትር ስንት እንደሆነ፣ ሰዓትና የቀዳው ሰው ምልክት። የቀለሙ ዓለም አቀፍ ደረጃም አለ፦ ሪላክሳንት ደማቅ ቀይ፣ ማርከሻው ቀይና ነጭ መስመር፣ ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ) ሰማያዊ፣ ማስተኛ ቢጫ፣ አትሮፒን አረንጓዴ።

እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ለምርመራ የሄደች ታካሚ እንድትረጋጋ ሚዳዞላም ታዝዞላት ቬኩሮኒየም ተሰጥታ ሞተች። ነርሷ ከመድኃኒት ካቢኔው የፈለገችው በሁለት ፊደላት ነበር፤ የሚዳዞላም የንግድ ስም ቨርሰድም (Versed) ቬኩሮኒየምም (vecuronium) የሚጀምሩት በእነዚሁ ነው። ሚዳዞላም ፈሳሽ ነው፣ ቬኩሮኒየም ዱቄት፤ መበጥበጥ ያስፈለገበት ቅጽበት ራሱ ማስጠንቀቂያ ነበር። ሪላክሳንት ከሰመመን ክፍል ውጭ ባለ መሳቢያ ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ መቀመጥ የለበትም፤ ባለበትም ለብቻው፣ በተለየ ዕቃ።

ሳክሳሜቶኒየም በማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ወደ ክፍል ሙቀት ሲወጣ ቀኑ ብልቃጡ ላይ ይጻፍ፤ ከ14 ቀን በላይ የቆየው ይወገድ። "ሳክሱ አልሠራም" ከሚባሉት ጥቂቶቹ ከሙቀት የሚመጡ ናቸው።

የመጨረሻው፣ ጽሑፉ ፈጽሞ ያላነሳው ነገር ካኑላው ነው። 5 ኪሎ ሕፃን የሚያስፈልገው ቬኩሮኒየም 0.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በሚሊ ሊትር 1 ከሆነ ግማሽ ሚሊ ሊትር። ከካኑላው ጋር የተያያዘ ማራዘሚያና ባለ ሦስት መንገድ ቧንቧ ያን ያህል ፈሳሽ ሊይዝ ይችላል። ማገገሚያ ክፍል ውስጥ ነርሷ አንቲባዮቲክ ስትገፋበት ቀሪው ይገባና ሕፃኑ በእናቱ ክንድ ላይ ትንፋሹ ይቆማል። ስለዚህ ቱቦው ከመውጣቱ በፊት፣ ቬንቲሌተሩ ገና እየሠራ፣ ሪላክሳንት የገባበት መስመር ሁሉ፣ የቧንቧው የጎን አፍም ጭምር፣ በሳላይን ይታጠብ፤ የማያስፈልገው ማራዘሚያ ይነቀል፤ ርክክቡ ላይም "መስመሩ ታጥቧል" ተብሎ በቃል ይነገር።